ክፍያው ከበሩ ይነሣ፣ ስጦታው ግን ይቆይ

ጥያቄ፦ «ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። በአንድ የእምነት ተቋም ውስጥ ለስድስት ዓመታት በገንዘብ ያዥነት እያገለገልኩ ነው። በቅርቡ ማንኛውም የእምነት ተቋም በሃይማኖታዊ ተግባር ለሚሳተፍ ሰው ክፍያ እንዳይጠይቅ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ለሕዝብ አስተያየት ቀርቧል። የተቋማችን ኮሚቴ ሕጉን የሚቃወም ደብዳቤ እንዳዘጋጅ አዞኛል፤ ለልጆች ስም ማውጣት፣ ለጋብቻ ቡራኬ፣ ለቀብር ጸሎትና ለዓመታዊው በዓል መግቢያ የምንቀበለው ክፍያ ከቀረ የሁለቱን ቋሚ አገልጋዮቻችንን ደመወዝ የምንከፍልበት የለንም። ይሁን እንጂ አባቴ በሞተ ጊዜ፣ እርሱ አባል የነበረበት ሌላ ተቋም የሦስት ዓመት ውዝፍ መዋጮ ካልተከፈለ የቀብር ጸሎት አይደረግም ብሎን፣ ወንድሜ ከጎረቤት ተበድሮ እስኪመጣ ድረስ አስከሬኑ ደጅ ቆይቷል። ያን ቀን እያሰብኩ ተቃውሞውን ለመጻፍ ስነሣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሕግ በጸሎት ቤት ጉዳይ መግባት ይገባዋልን? ደብዳቤውንስ ልጻፍ ወይስ ልተወው? ሁለት ልብ የሆንኩ ገንዘብ ያዥ።»

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣

ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ያጽናናዎት። የአባት ሞት ራሱ የሚበቃ ሐዘን ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ሰዓት የውዝፍ ሒሳብ መጠየቅ በሐዘንተኛ ላይ ሊደርስ የማይገባ ነገር ነው። እጄ አልታዘዝ አለኝ ያሉትም ሁለት ልብ ስለሆኑ አይመስለኝም፤ ልብዎ አንድ ነው፤ እምቢ ያለው የታዘዙትን ደብዳቤ ነው።

መልሴን ሳላቆይ ልንገርዎት። ሕጉን በጅምላ የሚቃወመውን ደብዳቤ አይጻፉ፤ ረቂቁንም እንዳለ ተቀብለው አይደግፉ። ሕጉ ገንዘብን ለሃይማኖታዊ ተሳትፎ ቅድመ ሁኔታ ማድረግን እንዲከለክል፣ መስጠትንና መቀበልን ግን እንዳይነካ የሚጠይቅ ሌላ ደብዳቤ ይጻፉ። ለምን እንዲህ እንደምል ማስረዳት ጥቂት ቦታ ስለሚወስድ ትዕግሥትዎን እጠይቃለሁ።

በደብዳቤዎ ስም ማውጣትን፣ ቡራኬን፣ የቀብር ጸሎትንና የበዓል መግቢያን ክፍያ ብለዋቸዋል፤ የአባትዎ ተቋም የጠየቀው ደግሞ መዋጮ ነበር። ስማቸው ቢለያይም ሁሉንም የሚመረምር አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ያልከፈለው ሰው ምን ይሆናል የሚለው ነው። ያልከፈለው ሰው እንደ ከፈለው ሁሉ ገብቶ የሚጸልይ፣ ልጁ ስም የሚወጣለት፣ ለሟቹ የሚጸለይለት ከሆነ፣ የተቀበላችሁት ገንዘብ በደረሰኙ ላይ «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ ቢጻፍም በተግባር ስጦታ ነው። ያልከፈለው ከደጅ የሚመለስ ከሆነ ግን፣ በደረሰኙ ላይ «የፈቃድ ስጦታ» ተብሎ ቢጻፍም ዋጋ ነው። ፍርድ ቤቶችም ከስሙ አልፈው ምንነቱን ሲያዩ ታይተዋል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ኸርናንዴዝ በሚል ስም በሚታወቀው ጉዳይ፣ ሳይንቶሎጂ የተባለው የእምነት ድርጅት ተከታዮች አስቀድሞ በተቆረጠ ተመን ለሚሰጥ መንፈሳዊ ምክርና ሥልጠና የከፈሉት ገንዘብ፣ በምላሹ የታወቀ አገልግሎት የተገኘበት በመሆኑ ከግብር የሚቀነስ ስጦታ አይደለም ሲል ወስኗል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮሚቴው «መንግሥት በእምነታችን ላይ እጁን ሊያነሣ ነው» ሊል ይችላል። እንዲህ ካለ፣ ይህን ክልከላ ከማንኛውም መንግሥት አስቀድመው የደነገጉት እምነቶቹ ራሳቸው መሆናቸውን ያስታውሱት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ሲሞን መሠርይ መንፈሳዊውን ሥልጣን በገንዘብ ለመግዛት በጠየቀ ጊዜ ጴጥሮስ ገንዘብህ ከአንተ ጋር ይጥፋ ብሎ ገሥጾታል፤ ቅዱስን ነገር መሸጥና መግዛት እስከ ዛሬ ሲሞናዊነት የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በ451 የተካሄደው የኬልቄዶን ጉባኤ በሁለተኛ ቀኖናው ክህነትን በገንዘብ የሚሰጥና የሚቀበል ከማዕረጉ እንዲሻር ወስኗል፤ በ692 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤ ደግሞ በ23ኛው ቀኖናው ቅዱስ ቁርባን የሚያቀብል ማንም ሰው ከተቀባዩ ገንዘብ እንዳይጠይቅ ከልክሏል። በቁርኣን 26ኛው ምዕራፍ ኑሕ፣ ሁድ፣ ሷሊሕ፣ ሉጥና ሹዐይብ ተራ በተራ ለሕዝባቸው ሲናገሩ፣ አምስቱም በመልእክታቸው ላይ ዋጋ እንደማይጠይቁ በአንድ ዓይነት ቃል ያስታውቃሉ። የአይሁድ ሊቃውንትም በታልሙድ፣ ሙሴ ሕጉን በነጻ እንደ ተቀበለና እንዳስተማረ ሁሉ ተከታዮቹም በነጻ እንዲያስተምሩ አስተምረዋል። እንግዲህ ረቂቁ ባዕድ ሐሳብ ይዞ አልመጣም፤ ተቋማቱ ከራሳቸው መጻሕፍት የሚያውቁትን ነገር ነው ያነሣው።

ይህ ማለት ግን አገልጋዩ ጾሙን ይደር ማለት አይደለም። በመሠዊያው የሚያገለግሉ ከመሠዊያው እንዲካፈሉ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። በእስልምናም ለአዛን ዋጋ የማይቀበል ሙአዚን መያዝን የሚያዝ ሐዲስ በአንድ በኩል፣ ዋጋ ልትቀበሉበት ከሚገባችሁ ነገር ሁሉ ይበልጥ የሚገባው የአላህ መጽሐፍ ነው የሚል ሐዲስ በሌላ በኩል በመኖራቸው ሊቃውንቱ ብዙ ተወያይተዋል፤ ከእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶች አንዱ የሆነው የሐነፊ ቀደምት ሊቃውንት ቁርኣን በማስተማር ላይ ዋጋ መቀበልን ሲከለክሉ፣ የኋለኞቹ ትምህርቱ እንዳይጠፋ በመሥጋት ፈቅደዋል። ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ ሚዛናዊ ሆኖ የሚታየኝ በ1215 የተካሄደው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የአራተኛው ላተራን ጉባኤ 66ኛ ቀኖና ነው። ያ ቀኖና በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም ወገን ይገሥጻል፤ ለቀብርና ለጋብቻ ገንዘብ አስገድደው የሚቀበሉትን ካህናት ይከለክላል፤ ወዲያውም በጎ የሆነውን የመስጠት ልማድ ሊያጠፉ የሚሹትን ምእመናን ይቃወማል፤ ምሥጢራቱ በነጻ እንዲሰጡ፣ ልማዱም እንዲጠበቅ ያዝዛል። ከስምንት መቶ ዓመታት በኋላ እርስዎ የተቸገሩበት ነገር ይኸው ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1983 ያወጣችው የቀኖና ሕግም ይህንኑ መስመር ይዞ፣ በቁጥር 848 አገልጋዩ ሥልጣን ያለው አካል ከወሰነው መባ በላይ እንዳይጠይቅና ድኾች በድኽነታቸው ምክንያት ከምሥጢራት እንዳይቀሩ እንዲጠነቀቅ ያዝዛል፤ በቁጥር 1221 ደግሞ ሥርዓተ አምልኮ በሚካሄድበት ሰዓት ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባት በነጻ እንዲሆን ይደነግጋል። የበዓሉን መግቢያ ሒሳብ ይህ ቁጥር ቢያሳስብዎት መልካም ነው፤ ከአራቱ ክፍያዎች ውስጥ ለመከላከል እጅግ የሚከብደው እርሱ ነውና።

ወደ ሕጉ ልመለስ። ሕግ በጸሎት ቤት ጉዳይ መግባት ይገባዋልን ብለው ጠይቀዋል። በጸሎቱ ውስጥ አይገባውም፤ በደጃፉ ላይ ግን የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ሌሎችም ገብተዋል። በእንግሊዝ ለጥምቀትና ለጥምቀት ምዝገባ ክፍያ መጠየቅን የሚከለክል ሕግ በ1872 ወጥቷል። ያ ሕግ አጭርና ጠባብ ነበር፤ ጋብቻንና ቀብርን አልነካም፤ ሰው በተወለደ ጊዜ በድኽነቱ ምክንያት ከደጅ እንዳይመለስ ብቻ ነው ያደረገው። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1868፣ የደብሩ ነዋሪ ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ጥገና በግዴታ ይከፍል የነበረው ግብር አስገዳጅነቱ ቀርቶ ነበር። ፈረንሳይ ደግሞ ሌላ መንገድ መርጣለች። መንግሥትንና ሃይማኖትን የለየው የ1905 ሕግ በ19ኛው አንቀጹ የአምልኮ ማኅበራት መባ እንዲሰበስቡ፣ ለሃይማኖታዊ ሥርዓቶችም ክፍያ እንዲቀበሉ በግልጽ ሲፈቅድ፣ በ31ኛው አንቀጽ ግን ሰውን በኃይል፣ በዛቻ ወይም ሥራህን ታጣለህ በሚል ማስፈራሪያ ለአምልኮ ወጪ እንዲያዋጣ ወይም እንዳያዋጣ ያስገደደ ሰው እንዲቀጣ ደንግጓል። እንዳያዋጣ ማስገደድም አብሮ መከልከሉን ልብ ይበሉ። ነጻነቱ የሰጪውም የማይሰጠውም ነው።

ጃፓንም በዲሴምበር 2022 በልገሳ አሰባሰብ ላይ ሕግ አውጥታለች። ሕጉ ልዩ መንፈሳዊ ኃይል አለኝ በማለት ሰውን አስፈራርቶ ልገሳ መጠየቅን ይከለክላል፤ ለጋሹ ለልገሳው ሲል እንዲበደር ወይም የሚኖርበትን ቤት እንዲሸጥ መጠየቅንም እንዲሁ። ይህን ያነሣሁት ወንድምዎ በዚያ ቀን ከጎረቤት መበደሩን ስለ ጻፉልኝ ነው። ሐዘንተኛ ሰው ሬሳ ይዞ በቆመበት ሰዓት የሚቀርብለት ጥያቄ፣ በለዘበ አንደበት ቢነገርም፣ ከማስገደድ የሚለየው ነገር የለም።

እንዲህም ሆኖ ረቂቁን እንዳለ እንዳይደግፉት የምመክርዎት «በሃይማኖታዊ ተግባር መሳተፍ» የሚለው ሐረግ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ነው። ምእመናን ለመንፈሳዊ ጉዞ የሚከራዩት አውቶቡስ ሃይማኖታዊ ተግባር ነው? ሦስት ቀን ለሚቆይ የጸሎት ጉባኤ የምግብና የማደሪያ ወጪስ? ለተማሪዎች የሚታተም መጽሐፍስ? ሕጉ እነዚህን ካልለየ፣ የትኛው ጸሎት እንደሆነና የትኛው ጉዞ እንደሆነ የሚወስነው አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ይሆናል፤ ኮሚቴያችሁ የሚፈራው ነገር እውነት የሚሆነውም ያን ጊዜ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ1981 ያወጣው የሃይማኖት አለመቻቻልን የሚመለከት መግለጫ በ6ኛው አንቀጹ፣ ከግለሰቦችና ከተቋማት በፈቃደኝነት የሚሰጥ የገንዘብና ሌላ ድጋፍ መጠየቅና መቀበል የሃይማኖት ነጻነት አካል እንደሆነ ይናገራል። በዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን 18ኛ አንቀጽ መሠረትም፣ እምነትን በተግባር በመግለጽ ላይ የሚጣል ገደብ በሕግ የተደነገገና የሕዝብን ደኅንነት፣ ሥርዓት፣ ጤና ወይም ሥነ ምግባር አለዚያም የሌሎችን መሠረታዊ መብት ለመጠበቅ አስፈላጊ የሆነ ብቻ ሊሆን ይገባዋል። የድኻን ተሳትፎ መጠበቅ በዚህ ውስጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ የአውቶቡስ ኪራይን መከልከል ግን አይገባም።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ጅምላ ክልከላ የሚጎዳው ሀብታሞቹን ተቋማት አይደለም። የሚከራይ ሕንፃና የቆየ ሀብት ያላቸው ክፍያው ቢቀር አይሰማቸውም፤ በተከራዩት አዳራሽ የሚሰበሰቡት ጥቂት ምእመናን ግን ወይ ይዘጋሉ፣ ወይ ክፍያውን በሌላ ስም ይደብቁታል። ስሙን ለውጦ የሚመጣ ክፍያ ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል፤ ተመኑ ካልተጻፈ ድኻው ስንት ቢሰጥ እንደሚበቃው አያውቅምና። እኔ ራሴ በወጣትነቴ በአንድ የእምነት ተቋም ደጃፍ ላይ መዝገብ ይዤ፣ በፈቃዳቸው የሰጡትን ሰዎች ስምና መጠን እጽፍ ነበር። አንዲት አሮጊት ከሩቅ መጥተው፣ መዝገቡን አይተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተመለሱ። ተከትዬ አልጠራኋቸውም። ማንም ክፈሉ አላላቸውም፤ መዝገቡ ግን ብሏቸዋል። ስለዚህ በሕጉ ላይ «በፈቃደኝነት» የሚለው ቃል መጻፉ ብቻውን አያሳርፈኝም።

ረቂቁ የዘነጋው አንድ ወገን ደግሞ መንግሥት ራሱ ነው። በታሪክ ምእመናንን በደጅ ላይ ያስከፈሉት ተቋማት ብቻ አልነበሩም፤ የሕንዱ የሙጋል መንግሥት ንጉሠ ነገሥት አክበር በ1563 የሰረዘው በሂንዱ ተሳላሚዎች ላይ መንግሥቱ ይጥል የነበረውን ግብር ነው። በ1943ም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አንድ ከተማ ቤት ለቤት እየዞሩ ሃይማኖታዊ ጽሑፍ የሚያድሉትን የይሖዋ ምሥክሮች የፈቃድ ግብር ማስከፈሉን ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሏል። ለአምልኮ መሰብሰቢያ ፈቃድና ለመሰል ነገር የሚጠየቅ የመንግሥት ክፍያ ካለ፣ ሕጉ እርሱንም እንዲመለከት መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሁን ወደሚያስጨንቅዎት ወደ ደመወዙ ልምጣ። በ1183 ከግራናዳ ተነሥቶ ሐጅ ያደረገው ኢብን ጁበይር የጻፈው ነገር ለዚህ ይረዳናል። የግብፅና የሶርያ ሱልጣን የነበረው ሳላሐዲን በመካ ሐጃጆች ላይ ይጣል የነበረውን ከባድ ቀረጥ ሰርዞ፣ ለመካው አሚር በምትኩ ገንዘብና እህል እንዲላክለት አድርጎ ነበር። ኢብን ጁበይር ጅዳ ሲደርስ ግን የተባለው ገንዘብና እህል ገና አልመጣም ነበርና፣ አሚሩ ሐጃጆቹ አንዱ ለሌላው ዋስ ካልሆነ ወደ መካ እንዳያልፉ አዘዘ፤ ምትኩ ከዘገየ ሒሳቡን ከእነርሱ ሊቀበል ነው። ሱልጣኑ በቅን ልብ የሰረዘው ክፍያ፣ ምትኩ ስለ ዘገየ ብቻ ተመልሶ በተጓዡ ጫንቃ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። በእናንተም ቤት ክፍያው ያለ ምትክ ከቀረ፣ አገልጋዮቹ ተርበው ለጸሎት በስውር እጃቸውን ቢዘረጉ ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይሆንም።

ስለዚህ ሕጉን ሳይጠብቁ መዝገብዎን ይክፈቱ። ባለፈው ዓመት ከአራቱ ክፍያዎች የተገኘውን ለየብቻ ይደምሩና ከሁለቱ ደመወዝ ጋር ያስተያዩት፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲደረግ ከቀብር የሚገኘው ገቢ ከሚያስከትለው እንባ ጋር የማይመጣጠን ትንሽ ነገር ሆኖ ይገኛል። ከዚያም ዓመታዊውን ወጪ በጉባኤ ፊት ሳይሸፋፍኑ ያንብቡት፤ ምእመኑ አገልጋዩ በስንት እንደሚኖር አያውቅም፤ ካላወቀ ደግሞ ሊሰጥ አይነሣሣም። እያንዳንዱ አባል በየወሩ የሚችለውን በወረቀት ጽፎ በታሸገ ፖስታ ለእርስዎ ብቻ ይስጥ፤ መጠኑን ከእርስዎና ከአንድ መርማሪ በቀር ማንም አይይ፤ የሰጪዎች ስም በጉባኤ መነበቡ ይቅር። የስጦታውን ሣጥንም ከበሩ አርቁት። የአውቶቡሱንና የማደሪያውን ወጪ በትክክለኛ ዋጋው አስከፍሉ፤ ለማይችሉትም ከአጠቃላይ ገቢው ላይ ድርሻ አኑሩ። የሙሴ ሕግ እንኳ ለኃጢአት መሥዋዕት በግ ማምጣት ላልቻለ ሁለት ዋኖስ ወይም ርግቦች፣ እርሱንም ላልቻለ ጥቂት ዱቄት ፈቅዷል።

የአባልነት መዋጮን በተመለከተ ግን ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ብዙ ተቋማት ጸሎት አንሸጥም ይላሉ፤ መዋጮ ያልከፈለውን ግን አባል አይደለህም በሚል መንገድ ከዚያው ጸሎት ያስቀሩታል። በጀርመን የካቶሊክ ጳጳሳት በ2012 ባወጡት ደንብ፣ መንግሥት ለቤተ ክርስቲያን ከአባላቷ የሚሰበስበውን ግብር ላለመክፈል በመንግሥት መዝገብ ፊት ከአባልነት የወጣ ሰው ምሥጢራትን እንዳይቀበል መደረጉ ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ ጳጳሳቱ መውጣቱ ራሱ ከማኅበሩ መለየት ነው የሚል መልስ ነበራቸው። መልሱ ሥነ መለኮታዊ ክብደት ቢኖረውም፣ እዚያ ያለው ሰው በፈቃዱ ፈርሞ የወጣ ነው። አባትዎ አልወጡም፤ መክፈል ብቻ አቃታቸው። ውዝፍ ያለበትን ሰው በጉባኤ ከመምረጥና ከመመረጥ ማገድ ይቻል ይሆናል፤ ከጸሎትና ከቀብር ማገድ ግን በሕጉ ውስጥ በስሙ ተጠርቶ ሊከለከል ይገባዋል።

በደብዳቤዎ ላይ የሚከተለውን ዓይነት አንቀጽ ቢያስገቡ መልካም ነው፦ «ማንኛውም የእምነት ተቋም ወይም አገልጋይ፣ አንድ ሰው ገንዘብ ባለመክፈሉ ወይም ውዝፍ መዋጮ ያለበት በመሆኑ ምክንያት ብቻ፣ ከጸሎት፣ ከሥርዓተ አምልኮ፣ ከስም ማውጣት፣ ከጋብቻ ቡራኬ ወይም ከቀብር ሥርዓት ሊያስቀረው ወይም ሥርዓቱን ሊያዘገይበት አይችልም። ይህ ድንጋጌ በፈቃደኝነት የሚሰጥ ስጦታን፣ እንዲሁም ለምግብ፣ ለማደሪያ፣ ለመጓጓዣና ለኅትመት የሚከፈል ትክክለኛ ወጪን አይመለከትም።» «ምክንያት ብቻ» የሚለው ቃል አይውጣ። አንድ ተቋም በሥርዓቱና በትምህርቱ ምክንያት ጋብቻ አልባርክም ቢል፣ ያ የእርሱ ጉዳይ ነው፤ ዳኛ አገልጋይን ጸልይ ብሎ ሊያዘው አይችልም፤ ገንዘብ ግን ምክንያት አይሁን ሊለው ይችላል። ቅጣቱም እስራት ሳይሆን የተወሰደውን ገንዘብ መመለስና በተቋሙ ላይ የሚጣል መቀጮ እንዲሆን ይጠይቁ፤ ታዞ በደጅ የቆመ ወጣት አገልጋይ እንዲታሰር አንፈልግም። ተቋማት ገቢያቸውን የሚያስተካክሉበት አንድ ሙሉ የሒሳብ ዓመትም ይሰጥ፤ የቀብሩ ድንጋጌ ግን ሕጉ ከጸናበት ቀን ጀምሮ ተፈጻሚ ይሁን።

ኮሚቴው ይህን ደብዳቤ በተቋሙ ማኅተም መላክ አልፈልግም ካለ፣ ሳይቀየሙ የእርሱን ተቃውሞ ሌላ ሰው እንዲጽፍ ይተዉና የእርስዎን በግል ስምዎ ይላኩ። አስተያየት የተጠየቀው ሕዝብ ነው፤ እርስዎም ሕዝብ ነዎት። ነገር ግን ከመላክዎ በፊት ለኮሚቴው በቃል ይንገሩ፤ ሥራዎትን በታማኝነት የሠሩበትን ቤት ከጀርባ የተናገሩ እንዳይመስል።

የአባትዎን ነገር በደብዳቤው ላይ ይጻፉ ወይስ አይጻፉ የሚለውን አልጠየቁኝም፤ ሳይጠይቁኝ ልናገር። ይጻፉት። የተቋሙን ስም አያንሡ፤ የዚያን ቀን የቆሙትንም ሰዎች አይክሰሱ። አስከሬኑ ደጅ እንደ ቆየ፣ ወንድምዎም ተበድሮ እንደ መጣ፣ ለእኔ እንደ ጻፉልኝ በዚያው በሁለት መስመር ያስፍሩት። ረቂቁን የሚያነቡት ሰዎች የአንቀጽ ቁጥር ከሌላው ሁሉ ያገኛሉ፤ ይህን የሚያገኙት ግን ከእርስዎ ነው።